ዕውቀት ያለ ባልንጀራ

ሰው ዕውቀትን የሚሻበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ለራሱ ሊጠቀምበት ነው፤ ሁለተኛው ከሌሎች ጋራ ሊኖርበት ነው። በጥንት ዘመን እነዚህ ሁለት ምክንያቶች እምብዛም አይለያዩም ነበር። ዕውቀት የሚገኘው ከሰው አፍ ስለ ነበረ፥ ለራሱ ብቻ ሊማር የሚፈልግ ሰው እንኳ ሳይወድ በግዱ የመምህር ደጅ መጥናት፥ ከጓደኛ ጋራ መቀመጥ፥ ከማኅበር ጋራ መብላት ነበረበት።

ዛሬ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል። አንድ ወጣት ከመኝታው ሳይነሣ፥ በእጁ በያዘው ስልክ፥ ቀድሞ ብዙ ወር ተጕዞ ያገኘው የነበረውን መጽሐፍ በኢንተርኔት አማካይነት ያነባል። መምህሩን አያውቀውም፤ መምህሩም እርሱን አያውቀውም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዕውቀቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ባልንጀራው ቢቀር የሚጐድለን ነገር አለን? ወይስ ባልንጀራ ማለት ቀድሞም ወደ መጽሐፉ የሚያደርስ መንገድ ብቻ ኖሮ፥ ከደረስን ወዲያ ልንተወው ይገባል?

ይህን ጥያቄ በአንድ ሕዝብ ኑሮ ልመረምረው እወዳለሁ፤ ይኸውም የአይሁድ ሕዝብ ነው። ይህን ሕዝብ የመረጥሁት፥ መጽሐፍንና ማኅበርን እንደ እርሱ አጥብቆ የያዘ ሕዝብ ጥቂት ስለሆነ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ከፈረሰ በኋላ፥ አገርና ንጉሥ ሳይኖረው ብዙ መቶ ዓመታት በየምድሩ ተበትኖ ኖረ። በተበተነበት አገር አንድ አድርጎ ከያዙት ነገሮች ዋነኞቹ መጽሐፉና በመጽሐፉ ዙሪያ የሚሰበሰብበት የትምህርት ቤት ናቸው። ከኦሪት ቀጥሎ ትልቁ መጽሐፋቸው ታልሙድ ይባላል፤ በውስጡም የሊቃውንት ክርክር፥ ሕግና ታሪክ ተቀላቅሎ ይገኛል። የባቢሎኑን ታልሙድ በቀን አንድ ቅጠል እያለ የሚያነብ ሰው ለመጨረስ 2,711 ቀን ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ዝም ብሎ ለብቻ ማንበብ የቆየ ልማዳቸው አይደለም። ሁለት ሰዎች ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያነባል፤ ሌላው ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ይመልሳል፤ ሁለተኛው መልሱን ያፈርስበታል። ይህንም ጥንድነት ሐቭሩታ ይሉታል፤ ባልንጀርነት ማለት ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤታቸው የጸጥታ ቤት አይደለም፤ በውጭ ለሚያልፍ ሰው ጠብ ያለ ይመስለዋል።

በዚሁ በታልሙድ ውስጥ ስለ ሒሌል የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሒሌል ታላቅ ሊቅ ከመሆኑ በፊት ድኻ የቀን ሠራተኛ ነበረ። ከዕለት ደመወዙ ግማሹን ለቤተሰቡ፥ ግማሹን ለትምህርት ቤቱ በረኛ ይከፍል ነበር። አንድ ዓርብ በክረምት ሥራ አጣ፤ የሚከፍለው ባይኖረው በረኛው አላስገባውም። እርሱም ወደ ጣራው ወጣና በብርሃን መግቢያው መስኮት ላይ ተኝቶ፥ ሸማያና አብጣልዮን የሚባሉትን መምህራን ቃል ያዳምጥ ጀመር። ሌሊቱን በረዶ ወረደበት። የታሪኩን ፍጻሜ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ግን አንባቢ በረኛውን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

በዕውቀት ደጅ በረኛ ያልቆመበት ዘመን የለም። አንዳንድ ጊዜ በረኛው ገንዘብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የመንገድ ርቀት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የቋንቋ መክበድ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከእነዚህ የከፋ ነው፤ በ1242 በፓሪስ ከተማ የታልሙድ መጻሕፍት በጋሪ ተጭነው መጥተው በአደባባይ ተቃጠሉ። እያንዳንዱ መጽሐፍ በእጅ የተጻፈ ስለ ነበረ የደረሰው ጥፋት በቀላሉ የሚተካ አልነበረም። ከዚያ ብዙ ዘመን ቈይቶ፥ ከ1520 እስከ 1523 ባለው ጊዜ፥ ዳንኤል ቦምበርግ የሚባል ክርስቲያን አታሚ በቬኒስ ከተማ ታልሙዱን ሙሉውን አትሞ አወጣ። ማተሚያ መኪና አንዱን በረኛ ከደጁ አስነሣው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሌሎቹ በረኞች ተነሥተዋል። በ2011 ጆሹዋ ፎርና ብሬት ሎክስፓይዘር የተባሉ ሁለት ሰዎች ሴፋሪያ የሚባለውን የመጻሕፍት ቤት መሠረቱ። ግድግዳም መደርደሪያም የለውም፤ በኢንተርኔት ላይ ያለ ነው። ኦሪቱን፥ ታልሙዱን፥ ትርጓሜውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ያነብበታል፤ አንዱን ጥቅስ ቢነካ፥ በየዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት ስለዚያ ጥቅስ የተናገሩት ከጐኑ ይወጣለታል። አዲን ሽታይንዛልትስ የተባሉት የኢየሩሳሌም ሊቅ ታልሙዱን ተራው ሰው በሚረዳው በዛሬ ዕብራይስጥ ለመተርጐም በ1965 ጀምረው በ2010 ፈጸሙ። አርባ አምስት ዓመት የፈጀው ይህ ድካም በ2017 በሴፋሪያ ላይ ለሁሉ በነጻ መሰጠት ጀመረ።

ከዚህም ሌላ፥ በብዙ ማኅበር ሴቶች ታልሙድ እንዲማሩ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ዛሬ ግን ሴት መምህራን የዕለቱን ቅጠል በድምፅ እየቀዱ በየቀኑ ለዓለም ያሰማሉ። በጥር ወር 2020 ታልሙዱን የፈጸሙበትን ቀን ለማክበር በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ነበር። እንዲሁም ከእርሱ በቀር ሌላ አይሁዳዊ በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው፥ ከአልጋ የማይነሣ በሽተኛ፥ ጥያቄውን በሰው ፊት ለመናገር የሚያፍር ወጣት፥ እነዚህ ሁሉ የተከፈተ ደጅ አግኝተዋል። ይህን ሁሉ አይቶ አዲሱን መሣሪያ በጅምላ የሚነቅፍ ሰው፥ እኔ እንደሚመስለኝ፥ ሳያውቀው ለበረኛው ጥብቅና የቆመ ነው።

አሁን ወደ ሒሌል ታሪክ ፍጻሜ ልመለስ። ሌሊቱ ነግቶ የሰንበት ማለዳ ሲሆን፥ ከመምህራኑ አንዱ ለሌላው ይህ ቤት በየቀኑ ብርሃን ሲሆን ዛሬ ለምን ጨለመ ብሎ ጠየቀው። ቀና ብለው ቢያዩ በመስኮቱ ላይ የሰው ቅርጽ አዩ። ወጥተው ቢመለከቱ ሦስት ክንድ በረዶ ተቈልሎበት አገኙት። አወረዱት፤ አጠቡት፤ ዘይት ቀቡት፤ ከእሳት አጠገብ አስቀመጡት። በሰንበት ይህን መሥራት በሕጋቸው ከባድ ነገር ሲሆን፥ ሰንበት ስለ እንዲህ ያለ ሰው ብትሻር የተገባ ነው አሉ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምማረው ስለ ትጋት ብቻ አይደለም። ሒሌል ትምህርቱን በመስኮቱ ሰምቶ ነበር፤ ሕይወቱን ያተረፈለት ግን የሰማው ትምህርት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥላውን ማየታቸው ነው። የዛሬው መሣሪያ መስኮቱን ለሁሉ አስፍቶ ከፍቶታል። ዳሩ ግን በዚያ መስኮት ላይ በረዶ የወረደበት ሰው ቢኖር፥ ቤቱ አይጨልምም፤ ቀና ብሎ የሚያይም የለም። አንድ ሺህ ሰው ቢያነብም፥ ከሺሁ አንዱ ዛሬ ቢቀር፥ ገጹ ያው ገጽ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። ረቢ ዮሐናን የተባለው ታላቅ መምህር ሬሽ ላኪሽ የሚባል ባልንጀራ ነበረው። ሬሽ ላኪሽ ቀድሞ ወንበዴ ነበረ፤ ረቢ ዮሐናን ወደ ትምህርት መለሰው፤ እኅቱንም ዳረለት። ሁለቱ ብዙ ዘመን ሲከራከሩ ኖሩ። ከዕለታት አንድ ቀን ስለ ሰይፍና ስለ ቢላዋ የሚናገረውን ሕግ ሲከራከሩ፥ ረቢ ዮሐናን የባልንጀራውን የቀድሞ ሥራ የሚያስታውስ የሚያቈስል ቃል ተናገረ። ሬሽ ላኪሽ በዚያ ሐዘን ታሞ ሞተ። ረቢ ዮሐናንም እጅግ አዘነ። ሊቃውንቱ ያጽናናው ዘንድ አልዓዛር ቤን ፔዳት የሚባለውን የተማረ ሰው ላኩለት። ይህም ሰው መምህሩ አንድ ነገር በተናገረ ቍጥር፥ ቃልህን የሚደግፍ ትምህርት እዚህ አለ እያለ ይጠቅስለት ነበር። ረቢ ዮሐናን ግን አልተጽናናም። ሬሽ ላኪሽ በእያንዳንዱ ቃሌ ላይ ሃያ አራት መቃወሚያ ያመጣብኝ ነበር፤ እኔም ሃያ አራት መልስ እሰጠው ነበር፤ ትምህርቱም በዚያ ይሰፋ ነበር፤ አንተ ትክክል መሆኔን ትነግረኛለህ፤ ትክክል መሆኔን እኔ አላውቅምን? የሚል ሐሳብ መለሰለት። ከዚያም ልብሱን ቀደደ፤ ባልንጀራውን እየጠራ ሲጮህ አእምሮው ተነካ፤ በመጨረሻም ሞተ።

አልዓዛር ቤን ፔዳት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማስረጃውም ሐሰት አልነበረም። የዛሬው መሣሪያ በብዙ ነገር እርሱን ይመስላል። የምንፈልገውን ጥቅስ በቅጽበት ያመጣልናል፤ አንድ ጊዜ የወደድነውን ዓይነት ንግግር ደጋግሞ ያቀርብልናል፤ አሁን ደግሞ እንደ ሰው እየተናገረ ለጥያቄያችን መልስ የሚሰጥ ዓይነት መጥቷል። ተቃወመኝ ብለን ብናዘውም ይቃወመናል። ነገር ግን ያ መቃወም በእኛ ፈቃድ የተጀመረ ነው፤ በሰለቸን ጊዜ እንዘጋዋለን። ባልንጀራ ግን ባልጠራነው ሰዓት ይቃወመናል፤ ልንዘጋውም አንችልም። ሰውን የሚያርመው ይህ ሳይጠሩት የሚመጣ ተቃውሞ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልኅ ወጣት፥ «ባልንጀራው እኮ በቃል ገደለው! መሣሪያው ግን ማንንም አያዋርድም፤ የቀድሞ ኃጢአቱንም አያነሣበትም» ሊለኝ ይችላል። ይህ ተራ ክርክር አይደለም። ብዙ ሰዎች ከማኅበር ሸሽተው ወደ ብቸኝነት የገቡት ማኅበሩ ስላቈሰላቸው ነው፤ በቂም ያባረረ መምህር፥ በድኻነቱ የሳቀ ጓደኛ፥ በዘሩ ወይም በልብሱ የናቀው ጉባኤ በየአገሩ አለ። ነገር ግን ታሪኩ ራሱ መልስ አለው፤ ረቢ ዮሐናን ባልንጀራውን በማጣቱ እንዲያ የተጐዳው ባልንጀርነት ቀላል ነገር ስላልሆነ ነው። ሊያቈስለን የማይችል ነገር ሊለውጠንም አይችልም። ከዚህ የሚከተለው ትምህርት አንደበትን መግታት ነው እንጂ ከሰው መሸሽ አይደለም።

እንደ ገና ሌላ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም በኢንተርኔትም ሰው ከሰው ይገናኛል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። በ1923 ሜኢር ሻፒሮ የተባሉት የፖላንድ ረቢ በቪየና ጉባኤ ላይ፥ በዓለም ያሉ አይሁድ ሁሉ በአንድ ቀን አንዱን የታልሙድ ቅጠል እንዲያነቡ ሐሳብ አቀረቡ። ከአንድ አገር ተነሥቶ በመርከብ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው በመርከቡ ላይ የዕለቱን ቅጠል ያነባል፤ ኒው ዮርክ በደረሰ ጊዜ በማያውቀው ከተማ የማያውቃቸው ሰዎች ያንኑ ቅጠል ሲያነቡ ያገኛቸዋል፤ ይህን የሚያህል ኅብረት ከወዴት ይገኛል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ልማዱም ጸና። በጥር 1 ቀን 2020 የዐሥራ ሦስተኛው ዙር ፍጻሜ ሲከበር፥ በኒው ጀርሲ ስታድየም ወደ 90,000 የሚጠጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ብዙዎቹ ትምህርቱን የተከታተሉት በስልክና በተቀዳ ድምፅ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሰውን ከሰው የግድ ይለያል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የሻፒሮ ተጓዥ ከመርከቡ ይወርዳል። ቅጠሉ የተሰጠው ወደ ሰዎቹ እንዲያደርሰው ነው። ከመርከቡ ሳይወርድ ዕድሜውን ሙሉ ቢያነብ ቅጠሉን ያውቀዋል፤ ከተማውን ግን አያገኘውም።

ይህ ነገር በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በግልጥ ተፈተነ። በአይሁድ ሥርዓት፥ ወላጁ የሞተበት ሰው ቃዲሽ የሚባለውን ጸሎት የሚያደርሰው ቢያንስ ዐሥር ሰው በተሰበሰበበት ነው፤ ይህንም ጉባኤ ሚንያን ይሉታል። ምኵራቦች በተዘጉ ጊዜ፥ በስክሪን ላይ የሚተያዩ ዐሥር ሰዎች እንደ ጉባኤ ይቈጠራሉን? የሚል ጥያቄ ተነሣ። የኮንሰርቫቲቭ ወገን ሊቃውንት ስለ ጊዜው ችግር በር ከፈቱ፤ ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ወገን ረቢዎች ግን ዐሥሩ በአንድ ስፍራ ሊሆኑ ይገባል ብለው ጸኑ። በኢየሩሳሌምና በሌላም ከተማ ሰዎች ከየሰገነታቸው እየተያዩ ጸለዩ። የማን ፍርድ የቀና እንደሆነ ለመወሰን እኔ አልተሾምሁም፤ ሁለቱም ወገኖች ለሐዘንተኛው አስበው ነበር። የሚያስደንቀኝ ግን የሥርዓቱ መሠረት ነው። ዘጠኝ ታላላቅ ሊቃውንት ቢሰበሰቡ ጉባኤው አልሞላም፤ አንድ ብዙ ያልተማረ ሰው ቢጨመር ግን ይሞላል። ያ ዐሥረኛው ሰው የሚፈለገው ስለ ዕውቀቱ አይደለም፤ ስለ መምጣቱ ነው። ለሌላው ሰው ሐዘን ሲል ከቤቱ ወጥቶ መጣ፤ ይህ ብቻ ይበቃል። በኢንተርኔት ላይ ተመልካቹ ሺህ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን «እኔ ባልሄድ ነገሩ ይቀራል» የሚል ሰው ከሺሁ መካከል ስንት ነው?

ከዚህም ጋራ፥ ሕጉን በሚጠብቁት ዘንድ መሣሪያው ከዓርብ ፀሓይ መግቢያ እስከ ቅዳሜ ማታ ይዘጋል። ማኅበሩ ከሁሉ ይበልጥ በሚሰበሰብበት ቀን መሣሪያው ዝም ይላል። ሐዘንተኛ ሰባት ቀን በቤቱ ሲቀመጥም፥ ከቀብር መልስ የሚቀምሰውን የመጀመሪያውን እህል ጎረቤት ያመጣለታል፤ እኛ በእድር እንደምናደርገው ማለት ነው። ሬሳውንም የሚያጥበው የሰው እጅ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ደግሞ የዚህ ጥያቄ ሁለተኛ ገጽታ በገዛ አገራችን ይገኛል። በጐንደር፥ በሰሜንና በትግራይ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ታልሙድን አያውቁም ነበር። ኦሪታቸው በግእዝ በብራና የተጻፈ ነው፤ ከሕዝቡ አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር። ሆኖም ሰንበትን አጥብቀው ጠበቁ፤ በዓላቸውን ጠበቁ፤ የኢየሩሳሌምን ተስፋ ለልጅ ልጅ አወረዱ። በስግድ በዓል ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ሕዝቡም ጾሞ ይከተላቸዋል፤ በግእዝ የተነበበው ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጐማል፤ ከዚያ ወርደው አብረው ይበላሉ። መጽሐፉ ጥቂት፥ አንባቢው ጥቂት፥ ማኅበሩ ግን ሙሉ ነበር። በ1984 እና 1985፥ ኋላም በግንቦት ወር 1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ስግድም በ2008 በዚያ አገር በሕግ የታወቀ በዓል ሆነ።

ዛሬ የእነዚያ ሰዎች ልጆች ዕብራይስጥ ይናገራሉ፤ አባቶቻቸው ያላዩትን የመጻሕፍት ብዛት በአንድ ጣት ይከፍታሉ። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን በዕድሜ የገፉት ቄስ በቃላቸው የያዙት ዜማና ትርጓሜ በዚያ መደርደሪያ ላይ ሁሉ ተጽፎ አይገኝም። ያን የሚፈልግ ልጅ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ከእግራቸው ሥር መቀመጥ አለበት፤ ለዚያም አማርኛውን ወይም ትግርኛውን መስማት ያስፈልገዋል። ድምፃቸውን ቀድቶ ማኖር መልካም ነው፤ ልጁ በሳቱበት የሚቈጡትን፥ በበረታ ጊዜ የሚመርቁትን አባት ግን መቅጃ አይተካቸውም። መጽሐፍ ሳይበዛለት በማኅበሩ የኖረ ሕዝብ እንዳለ አየን። መጽሐፍ በዝቶለት ማኅበር ያጣ ሕዝብ ስንት ዘመን እንደሚኖር ግን ገና አላየንም፤ በዚህ በእኛ ዘመን የሚፈተነው ይህ ነው።

ስለዚህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ፍርዴ ይህ ነው። መሣሪያውን አትናቅ፤ በረኛውን ከደጅህ ያስነሣልህ እርሱ ነው። ነገር ግን የተከፈተውን ደጅ እንደ ቤቱ አትቍጠረው። አይሁዳዊ ብትሆን ክርስቲያን፥ እስላም ብትሆን ሌላ፥ የምትማረውም ሃይማኖት ቢሆን ሕክምና ወይም ምሕንድስና፥ ራስህን በሦስት ጥያቄ መዝን። የመጀመሪያው፥ በዚህ ዓመት ካወቅሁት ነገር ሁሉ ሳልጠራው መጥቶ የተቃወመኝ ሰው ያስተካከለልኝ የትኛው ነው? ሁለተኛው፥ ነገ ባልገኝ ቤቱ ጨለመ ብሎ ቀና የሚል ማን ነው? ሦስተኛው፥ እኔስ የማን ዐሥረኛ ሰው ነኝ?

ለሦስቱም መልስ ካለህ፥ በስልክህ የምታነበው ሁሉ ይጨምርልሃል እንጂ አይቀንስብህም። መልስ ካጣህ ግን ሌላ መጽሐፍ ከመክፈትህ በፊት ተነሥና ወደ አንድ ሰው ቤት ሂድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶች፤ ድሩ የሚያስረው ግን ሲያብር ነው።